የሰኞ ስብሰባችን ሁሉንም ሰው እንዲያካትት ከየት ልጀምር?

ሰኞ_ጠዋት
ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ላይ ሠላሳ ያህል ሰው የሚገኝበት ስብሰባ አለን። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

በቅርቡ ዓይነ ስውር የሆነ ባልደረባ ክትትልና ግምገማ ክፍል ተቀጥሯል። ሒሳብ ክፍል ያለች እህታችን ደግሞ በአንድ ጆሮዋ አትሰማም፤ ይህን የነገረችኝ ገና አሁን ነው። ሐዋሳ ያሉት ልጆች በዙም ይገባሉ። ገብተው ምን እንደሚሰሙ ግን እግዜር ይወቅ። ከሁሉም በላይ፣ ስብሰባው ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜም እነዚያው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። ሌላው አንገቱን ነቅንቆ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

ሥራ አስኪያጃችን "ሁሉም የሚሳተፍበት ይሁን፣ አንቺ አስተካክዪው" ብለው ሰጡኝ። በጀት የለም ማለት ይቻላል። የተላኩልኝን የሥልጠና ሰነዶች አንብቤያለሁ። "አካታችነት" የሚለው ቃል በየገጹ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ምን እንደማደርግ ግን አይነግረኝም። እናንተ ከኖራችሁት ንገሩኝ። የቱን ልያዝ መጀመሪያ?


ነጭ_በትር
ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡45

ዓይነ ስውር ነኝ። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በግል ድርጅትም ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ሰው ዓይነ ስውር ባልደረባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ በሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ወንበሩ ነው። እሱ ቀላሉ ነው። አንድ ሰው መንገዱን በደንብ ካሳየኝ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን እመጣለሁ። እኔን ከስብሰባ የሚያስቀረኝ ወረቀቱ ነው።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ሪፖርት ይታደላል። ሌላው ያገላብጣል፣ ያሰምራል። እኔ ጭኔ ላይ አድርጌው እቀመጣለሁ። ቀድሞ በኢሜይል ቢላክም ብዙ ጊዜ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስካን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነብልን ፕሮግራም፣ ለስክሪን ሪደር፣ ፎቶ ነው፤ የሚያነበው ፊደል የለውም።

የአማርኛ ሰነድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የመጡት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የድሮው ፓወር ግዕዝ ያሉት፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው የሚሠሩት። ላንቺ ዓይን "ዓመታዊ በጀት" የሚመስለው ለኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ነው። ዛሬም በእነሱ የሚጽፍ ቢሮ ሞልቷል። ስክሪን ሪደሩ ያንን ሲያነበንብ ብትሰሚ ትስቂያለሽ። እኔ ግን ያንን ሰምቼ ስለ በጀቱ አስተያየት እንድሰጥ ይጠበቃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርጊና ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። አማርኛ ሆኖ ከታየ ባልደረባሽ ያነበዋል። የእንግሊዝኛ ትርምስ ከሆነ ፎንቱ የድሮ ነው። ጭራሽ ኮፒ አልሆን ካለ ስካን ነው። ማኅተም ያለበት የግድ ካስፈለገ እሱንም ላኪ፤ ግን ዋናውን የዎርድ ፋይል አብረሽ አያይዢ።

ለኮምፒውተሩም የሚያስጨንቅ ወጪ የለም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይወርዳል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ሮቦት ነው፣ አይጣፍጥም። ግን ይለመዳል።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የሚናገር ሰው ስሙን ይበል። "አበበ ነኝ፣ ከግዢ" ብሎ መጀመር ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ "እዚህ ጋ እንደምታዩት" የሚባለው ይቅር። ስላይዱ ላይ ያለውን በአፍ ይንገሩን። "ቀዩ ሰማያዊውን በልጦታል" ሳይሆን "ወጪያችን ካቀድነው በልጧል" ይበሉ። ከኋላ ለተቀመጠውም እኮ ያ ስላይድ አይታየውም።


ሒሳብ_ሹም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁሉም መልካም ነው፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። ስብሰባ ሥራ ለመጨረስ ነው። ሠላሳ ሰው ስሙን እየጠራ፣ ስላይድ እየተተረከ፣ ለዚያኛው አስተርጓሚ፣ ለዚህኛው ሌላ እየተባለ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ትንሽ ድርጅት ከየት አምጥቶ ነው ይህን ሁሉ የሚችለው? መስማት የተሳነው ሰው ቢቀጠርስ በየሳምንቱ አስተርጓሚ ይከፈላል ማለት ነው? ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ሒሳቡን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ነው።


አንቀጽ_በአንቀጽ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

@ሒሳብ_ሹም ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሕጉም አስቦበታል።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ይህ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የሥራውን አካባቢ ሁሉ ይነካል። አስፈላጊ ሲሆን ረዳት መመደብም አለ። ግን አቅምህን ጨርሰህ ስጥ አላለም። የማስተካከያው ዓይነትና ወጪ፣ የድርጅቱ መጠን፣ የሠራተኞቹ ብዛት ታይቶ ከባድ ጫና የሚሆንበት አሠሪ ያንን ማንሳት ይችላል። ልብ በል፤ "ትንሽ ነን" ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። የተጠየቀው ምን ነበር፣ ስንት ያስወጣ ነበር፣ ለምን አልተቻለም የሚለውን ማሳየት መቻል አለብህ።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ካጸደቀችም ቆየች፤ በ2002 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ሒሳብህ ልመለስ። ነጭ_በትር ከጠየቀው ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣው የቱ ነው? የዎርድ ፋይል መላክ? ስም መናገር? አንድም የለም። የሚያስወጣውን ኋላ ቁጭ ብለን እናስላ። የማያስወጣውን ያልሠራ ድርጅት ስለሚያስወጣው ማልቀስ አያምርበትም።


ሒሳብ_ሹም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

የመጨረሻዋ መስመር ለእኔ ናት መሰለኝ 😄 እሺ። ሰዓቱ ግን ይረዝማል ያልኩት አልተመለሰም።


ጣቶቼ_ያወራሉ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ ስለ እኛ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሒሳብ ክፍሏ እህት በአንድ ጆሮዋ ትሰማለች። ምናልባትም የምልክት ቋንቋ አትችልም። ለእሷ አስተርጓሚ መጥራት ምንም አይረባትም። ለእሷ የሚያስፈልገው ቦታ ነው። የሚሰማው ጆሮዋ ወደ ሰው እንዲሆን ጥግ ላይ ትቀመጥ፤ የትኛው ጥግ እንደሆነ ራሷ ትመርጣለች። መስኮቱ ወደ አስፋልት ከሆነ ይዘጋ። ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ሥር ከሆነ አዳራሹን ቀይሩ። ተናጋሪው ጀርባውን ለመስኮት አይስጥ፤ ፊቱ ጨለማ ስለሚሆን ከንፈሩ አይታይም። አፉን በእጁ ወይም በወረቀት እየሸፈነ የሚያወራም አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለት ሰው እኩል ማውራቱ ነው። ሁለት ጆሮ ያለውም ያኔ አይሰማም።

እኔን የመሰለ ሰው ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ ከሆነ ሁለት ይሁኑ፤ በየሃያው ሠላሳው ደቂቃ ይቀያየራሉ። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው እየሰማ፣ እያሰበ፣ እጁን እያንቀሳቀሰ ከዚያ በላይ ሲሄድ ይደክማል፤ ሲደክም ዓረፍተ ነገር መዝለል ይጀምራል። እኔም የተዘለለውን አላውቅም። አስተርጓሚው ተናጋሪው አጠገብ ይቁም። ስታናግሩኝ እኔን እዩኝ። "እሱን እንዲህ በለው" አይባልም፤ እዚህ አለሁ እኮ!

አጀንዳውና ስላይዱ ለአስተርጓሚው ቀድሞ ይላክለት። የሰው ስምና የፕሮጀክት ምህፃረ ቃል እዚያው ሲወረወርበት በጣት ፊደል እየቆጠረ ወደ ኋላ ይቀራል።

"ጻፍለት፣ ይበቃዋል" የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቋንቋችን ምልክት ነው፤ የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ነው። እኔ ማንበብ እወዳለሁ፤ ጓደኛዬ አይወድም። ጠይቁ።

አስተርጓሚ የት እንደሚገኝ ለሚጠይቅ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ ያስመርቃል፤ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም አለ። በየሳምንቱ ካልተቻለ ውሳኔ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ይሁን፤ የቀረውን በጽሑፍ እንጨርስ። @ሒሳብ_ሹም ይህ ላንተ ነው።


ሀይቅ_ዳር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15

የቅርንጫፍ ልጅ ነኝ። እንደናንተው ሐዋሳ። የእናንተ ቅርንጫፍ እንዳልሆነ ግን ተስፋ አደርጋለሁ 😅

በዙም ለሚገባ ሰው ስብሰባ ማለት ይህ ነው፦ ላፕቶፕ አንድ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አለቃ ይሰማሉ። ከእሳቸው ማዶ ያለው ሁሉ ጉርምርምታ ነው። ከዚያ ሁሉም ይስቃል። ምን ተብሎ እንደሳቁ አናውቅም። ከዚያ "ሐዋሳዎች፣ ሐሳብ አላችሁ?" ይባላል። በምን ላይ?

ዌብካም አይደለም ያጣነው፤ ድምፅ ነው። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ ቢያዞር ከውድ ካሜራ ይሻላል። ሌላ ዘዴ ደግሞ አለ፤ አንድ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የእኛ ጠበቃ ሆኖ ይመደብ። ቻቱን የሚያነበው፣ "አልተሰማም፣ ድገሙት" የሚለው እሱ ይሁን። እኛ ከዚህ ሆነን ሠላሳ ሰው ማቋረጥ ይከብደናል።

ካሜራ ክፈቱ እያላችሁ አታስጨንቁን። ኔትወርኩ ሲደክም ቪዲዮ ድምፁን ይዞት ይሄዳል። የራሱን የሞባይል ዳታ የሚጠቀምም አለ።

ሰዓት! የግብዣው መልእክት "ሰኞ 3፡00" ይላል። በአበሻ ነው በፈረንጅ? አንድ ጊዜ ካላንደር ላይ እንዳለ 3፡00 ተሞልቶ የሁላችንም ስልክ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጮኸ። "ከጠዋቱ 3፡00፣ በፈረንጅ 9፡00" ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር።


የልጆች_እናት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

ስለ ሰዓት ከተነሳ እኔም ልግባ። 10፡30 ላይ የተጠራ ስብሰባ 12፡00 ያልፋል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ልጅ የሚያወጣ ሰው 11፡00 ላይ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ወሳኙ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ "ሌሎች ጉዳዮች" የሚለው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ መጨረሻ ላይ። እናቶች ከሄዱ በኋላ። ማታ ደርሶ "ያልተገኛችሁ ተወስኗል" የሚል መልእክት ይመጣል።

የሰኞ 3፡00 ሰዓትም ለሁሉ አይመችም። ከለገጣፎ ወይም ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ሰልፍ የሚመጣ ሰው አለ። 3፡30 ቢሆን ማን ይሞታል?

ዓርብ ላይ ስብሰባ የምትጠሩ ደግሞ የጁምዓን ሶላት አስቡ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ እረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሆነው ለዚህ እኮ ነው። የግል ድርጅቱ ግን 6፡30 ላይ "አጭር ስብሰባ" ይጠራል። ረቡዕና ዓርብ ኬክ ማቅረብም እንዲሁ፤ ግማሹ ሰው ጾመኛ ነው፤ ቆሎ ይበቃል። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ረጅም ስብሰባ ለጾመኛው ቅጣት ነው።


ተሽከርካሪ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ሦስተኛ ፎቅ የሚለውን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። ሊፍት አለ? አለ ከተባለ፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል? "አሁን የሚገባ ዊልቸር ተጠቃሚ የለንም" እንዳትዪኝ። እግሩ የተሰበረ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጉልበታቸው ያመማቸው ጋሼ የሉም?

የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ላይ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምም፣ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተውም የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። እዚህ ከተማ ስንቱ ሕንፃ እንደሚያሟላ አብረን እናውቃለን። መወጣጫ ይሠሩና ጫፉ ላይ የአበባ ማሰሮ ያስቀምጡበታል።

አዳራሹን ማፍረስ አትችዪም። ስብሰባውን ምድር ቤት ማውረድ ግን ትችያለሽ። ካፍቴሪያውም ቢሆን፤ 3፡00 ሰዓት ላይ ባዶ አይደለም?

ጥበቃዎች ተሸክመው ያወጡኛል የሚል መፍትሔ ደጋግሞ ገጥሞኛል። በቅንነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሱፍ ለብሶ፣ ፋይል ይዞ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ስብሰባ የሚገባ ሰው እዚያ ደርሶ ከአለቃው ጋር ይከራከራል? አይከራከርም። አመስግኖ ይቀመጣል።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ከጠረጴዛው አንድ ወንበር ቀድማችሁ አንሱ፤ እኔ ከደረስኩ በኋላ ሠላሳ ሰው ተነስቶ ወንበር አይጎትት። መጸዳጃ ቤቱን በር ስፋት እዩ። በቃ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከወጣ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የስብሰባ ጥሪ ሲመጣ ከሥሩ "ለመሳተፍ የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ እስከዚህ ቀን ያሳውቁን" የሚል መስመርና የሚጠየቀው ሰው ስም አለበት። ያቺን መስመር ውሰጂ፤ ምንም አታስወጣም። የሰውየው ስም ግን የግድ ነው። ስም የሌለበት ቅጽ ሞልቼ ማንም ያላነበበው ጊዜ አለና እዚህም ገነት አይደለም።

እኔን ግን የሚነካኝ ሌላው ጥያቄሽ ነው፤ ዝም ስለሚሉት። አገሬ ሳለሁ ስብሰባ ላይ አፌ አያርፍም ነበር። እዚህ በእንግሊዝኛ ሲሆን ሐሳቤን አዘጋጅቼ ሳበቃ ወሬው ሁለት ርዕስ አልፏል። ሰዎች ደደብ ወይም ፈሪ አድርገው ያስቡኛል። ያዳነኝ አንድ አለቃችን የጀመረችው ልማድ ነው። አጀንዳው ከሁለት ቀን በፊት ይመጣል፤ በጥያቄ መልክ። "የትራንስፖርት ጉዳይ" አይልም። "ሁለቱን መኪና እንሽጥ ወይስ እናስጠግን?" ይላል። ስብሰባው ሲጀመር ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ሁሉም በጸጥታ ያነባል፣ ይጽፋል። ከዚያ ነው የሚወራው።

@ሒሳብ_ሹም ሰዓት ይረዝማል ላልከው፦ የእኛ አጥሯል። ሰው አንብቦ ሲመጣ ሪፖርት በንባብ አይቀርብለትም።


አዳማ_04
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

@ሲልቨር_ስፕሪንግ ለዚያ እኮ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። እኔ አዳማ ነው የምሠራው፤ ስብሰባችን በኦሮምኛ ነው። ገበያ ላይ ኦሮምኛዬ ጥሩ ነው። ስለ ግብር አፈጻጸም ክርክር ሲጀመር ግን ዝም እላለሁ። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ኦሮምኛ አፍ መፍቻው ነው፤ በአማርኛ ስብሰባ እሱ ዝም ይላል። እኛ ጋ አሁን የለመድነው "በሚቀልህ ተናገር፣ ከጎንህ ያለው ያግዝሃል" ነው። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ከዚያ ማንም አያስታውሰውም።


ቃለ_ጉባኤ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡55

እኔ ደግሞ ምሬቴን ላውጣ። በገባሁበት ስብሰባ ሁሉ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ለምን? ወጣት ሴት ስለሆንኩ። "የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል" ይሉኛል፤ በላፕቶፕ እኮ ነው የምጽፈው! ሰው የተናገረውን እየጻፈ የሚከራከር ፍጡር የለም። አንድን ሰው ከስብሰባ ለማስወጣት ምርጡ መንገድ እስክሪብቶ መስጠት ነው። በየተራ ይሁን፤ አለቆችም ተራ ይድረሳቸው። ሻይ መቅዳቱም እንደዚያው።

ሰው ለምን አይናገርም ላልሽው ደግሞ፣ አለቃ መጀመሪያ ሲናገሩ ነዋ የሚያበቃው። "እኔ እንግዲህ የሚመስለኝ..." ብለው ከጨረሱ በኋላ ማን ነው ይሉኝታውን ጥሶ "አይ፣ ጋሼ" የሚል? አለቃ መጨረሻ ይናገሩ። ከቻሉ ከታናሹ ይጀመር።


ሒሳብ_ሹም
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

በዚህ እስማማለሁ፤ አለቃ መጨረሻ። ግን ዙሩን እየጠበቁ ሁሉም ሰው የግድ ይናገር የሚባለውን እቃወማለሁ። የሚለው የሌለው ሰውም "ከእኔ በፊት እንደተባለው..." እያለ አምስት ደቂቃ ይበላል። ተራው ሲደርስ ላብ የሚያሰምጠውም አለ።


ነጭ_በትር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እዚህ ላይ ከሒሳብ ሹም ጋር ነኝ፤ ዝናብ ሳይዘንብ አይቀርም ዛሬ። ዙር ይኑር፤ "ልለፍ" ማለትም ነውር አይሁን። ስብሰባው ካበቃ በኋላ እስከ ማግስቱ በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልእክት ሐሳብ መላክ ይቻል፤ ውሳኔውም እስከዚያ አይታተም። የሐዋሳዎቹንም የልጆች እናትንም ችግር ይነካል ይሄ።


ሰኞ_ጠዋት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ኧረ ተባረኩ። ሳነብ ነው የዋልኩት፤ ሥራ አስኪያጁም ጋ ገብቼ ነበር።

የተስማማነው ይህ ነው። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ስብሰባው ካፍቴሪያው ውስጥ ይሆናል፤ 3፡30 ላይ። ሊፍታችን አለ፤ በጄኔሬተር ግን አይሠራም፤ ጠይቄ አረጋገጥኩ። አጀንዳው ዓርብ ጠዋት ይወጣል፣ በጥያቄ መልክ፣ በዎርድ። "ሌሎች ጉዳዮች" መጀመሪያ ላይ ይመጣል፤ ይህን ሲሰሙ ሥራ አስኪያጁ ሳቁ፣ ግን እሺ አሉ። ቃለ ጉባኤው በተራ ነው፤ የመጀመሪያው ተረኛ የግዢ ኃላፊው ናቸው። ፊታቸውን ብታዩ! አለቃ መጨረሻ ይናገሩ የሚለውን "እንሞክረው" ብለው አለፉት፤ እሱ ላይ ተስፋዬ ትንሽ ነው።

የቴሌግራሙን ፈተና ሠራሁት። ያለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት በሙሉ የድሮ ፎንት ነው። የእቅድ ክፍሉ ሰውዬ "ለሃያ ዓመት የጻፍኩበትን ኪቦርድ አልቀይርም" ብለውኛል። እሳቸውን ምን ላድርግ?

ሌላው፣ አዲሱን ባልደረባችንን በቀጥታ መጠየቅ ፈርቻለሁ። ሠላሳ ሰው ፊት ላፋጥጠው አልፈልግም፤ ለብቻው ጠርቼ ሳወራውም እንደ ምርመራ እንዳይመስል ሰጋሁ።


ነጭ_በትር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡05

ሰው ፊት አትጠይቂው፤ ቢሮም አትጥሪው። ለሠላሳውም የሚሄደውን ያንኑ መልእክት ለእሱም ላኪ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን መስመር ከነስምሽ ጨምረሽ። ከዚያ ሻይ ላይ ስታገኚው "የሰኞውን ሰነድ በዎርድ ልልክ ነው፤ ይሠራልሃል ወይስ ሌላ ይሻልሃል?" በይው። ስለ ዓይኑ አትጠይቂው፤ ስለ ፋይሉ ጠይቂው። "ምን ልርዳህ?" ከተባልኩ "ምንም፣ ደህና ነኝ" ነው የምለው። ሁላችንም እንደዚያ ነን።


ተሽከርካሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡12

ልክ ነው። እኔም "ደህና ነኝ" እያልኩ ነው በትከሻ የወጣሁት።


ሒሳብ_ሹም
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡40

የኪቦርዱን ነገር እኔ ልንገርሽ፤ እኛ ቢሮም አንድ እንደዚያ ያሉ ሰው ነበሩ። ኪቦርድ መቀየር የለባቸውም። አዲሶቹ የፓወር ግዕዝ ስሪቶች በዩኒኮድ ይጽፋሉ፤ አጻጻፉም ለለመደው ሰው እንግዳ አይሆንም። አይቲውን ይዘሽ ሂጂና ራሱ ይጫንላቸው፤ "ተማሩ" አትበያቸው። የድሮዎቹን ሪፖርቶች መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ግን ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይሳሳታልና የበጀት ሠንጠረዥ ካለበት ሰው ያመሳክረው። ሁሉንም አትቀይሩ። የዘንድሮውን ብቻ።


ሰኞ_ጠዋት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡52

@ሒሳብ_ሹም አይቲው ነገ ጠዋት ይገባል። ሠንጠረዡን የሚያመሳክር ግን የለኝም።


ሒሳብ_ሹም
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡58

የሒሳብ ክፍሏን ልጅ ጠይቂያት። ቁጥር ላይ ጆሮ አያስፈልግም። በእሷ ፈቃድ ግን፣ የሰኞ ቃለ ጉባኤ ተራዋን ተክቶ።


ቃለ_ጉባኤ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡03

መተካቱ ይጻፍ። ቃል ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ትሠራለች።